ስለ አርኪዮሎጂ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ከመሬት የወጣ ነገር ዕድሜውና ታሪኩ እንዴት ይታወቃል?

አርኪዮሎጂ ምንድን ነው? ከታሪክ ትምህርትስ በምን ይለያል?

አርኪዮሎጂ የቀደሙ ሰዎች ትተውት የሄዱትን ቁሳዊ ዱካ፣ ማለትም መሣሪያቸውን፣ ቤታቸውንና መቃብራቸውን፣ በልተው የጣሉትን አጥንትና ያነደዱትን እንጨት ሳይቀር መርምሮ አኗኗራቸውን ለማወቅ የሚጥር ሳይንስ ነው። በአማርኛ «የቁፋሮ ጥናት» የሚሉት አሉ፤ ነገር ግን ቁፋሮው ከሥራው ጥቂቱ ክፍል ስለሆነና አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ከቁፋሮ በኋላ በመለካት፣ በመመደብና በመመርመር ስለሆነ ስያሜው ነገሩን ያሳንሰዋል።

የታሪክ ጸሐፊ በዋናነት ከጽሑፍ ይነሣል። በአገራችን የተገኙት የድንጋይ ላይ ጽሑፎች ግን ከሦስት ሺህ ዓመት የማይዘልቁ ሲሆኑ፣ የሰው እጅ የቀረጻቸው የድንጋይ መሣሪያዎች ከ2.5 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጥራሉ። በመካከል ያለው ዘመን ሁሉ ያለ ጽሑፍ ያለፈ ነው። ጽሑፍ ከመጣ በኋላም ቢሆን ዜና መዋዕል የሚተርከው የንጉሥን ዘመቻ እንጂ የሸክላ ሠሪዋን ጓዳ አይደለም፤ ጓዳዋ ምን እንደነበረበት የሚናገረው ከምድጃዋ የቀረው አመድና የእንስራዋ ገል ነው።

ድንቅነሽን ያገኟት አርኪዮሎጂስቶች ናቸው?

በጠባዩ ትርጉም ካየነው አይደሉም። ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው በዶናልድ ጆሃንሰን ቡድን ሲሆን፣ ሥራው የቅሪተ አካልና የሰው ዘር አመጣጥ ጥናት፣ በባለሙያዎቹ አጠራር ፓሊዮአንትሮፖሎጂ ነው። አርኪዮሎጂ የሚጀምረው ሰው ከሠራው ነገር ነው፤ ከድንቅነሽ ጋር ደግሞ የተሠራ መሣሪያ አልተገኘም። ከሐዳር ብዙም በማይርቀው ጎና ግን ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቹ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎችን እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ አድርገዋል፤ ይህ ጥርት ያለ አርኪዮሎጂ ነው። በኋላ በኬንያ ሎሜክዊ 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠሩ መሣሪያዎች መገኘታቸው ተገልጿል። በመስክ ላይ ግን ሁለቱ ሙያዎች አብረው ነው የሚሠሩት፤ አጥንቱን የሚፈልገውም ድንጋዩን የሚፈልገውም በአንድ ድንኳን ያድራሉ።

የት እንደሚቆፈር እንዴት ይታወቃል?

በመጀመሪያ በእግር ይታሰሳል። ባለሙያዎቹ ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ በመካከላቸው የተወሰነ ሜትር ትተው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ይሄዳሉ። በአፋር ዝናብና ጎርፍ ገደሉን እየሸረሸረ የቆፋሪውን ሥራ ስለሚሠራ ቅሪተ አካሉ ራሱ ብቅ ይላል። በደጋው ደግሞ ሞፈር የገለበጠው ማሳ ብዙ ይናገራል፤ በአንድ ጥግ ገል በዝቶ ከታየ ከታች ሰፈር የነበረ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሌላ የሳተላይትና የድሮን ምስል፣ እንዲሁም የአፈርን መግነጢሳዊ ልዩነት የሚለኩ መሣሪያዎች አሉ። የተቃጠለ ምድጃና የተቀበረ ግንብ ከአካባቢያቸው አፈር የተለየ ምልክት ስለሚሰጡ፣ መሬቱ ሳይነካ ከታች ያለው ግንብ ቅርጹ በካርታ ላይ ሊወጣ ይችላል።

ከመሣሪያ ሁሉ የሚቀድመው ግን የአካባቢው ሰው ነው። በሰሜን ኢትዮጵያ ከይሓ አጠገብ ያለችው ቤተ ሰማዕቲ እ.ኤ.አ. በ2009 የተለየችው፣ ኮረብታው ተራ ኮረብታ አለመሆኑን ነዋሪዎች ለአጥኚዎቹ ከጠቆሙ በኋላ ነበር። ሲቆፈር የአክሱም ዘመን ሰፈርና በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ባዚሊካ፣ ማለትም ባለ አዳራሽ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን፣ ተገኘበት። በጋሞ ደጋ ያለውን የሞታን ዋሻም ለተመራማሪዎች ያሳዩት የአገሩ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ወደዚያ ዋሻ በኋላ እንመለስበታለን።

ቁፋሮው ሲካሄድ በትክክል ምን ይደረጋል?

መሬቱ በችካልና በሲባጎ በካሬ በካሬ ይከፈላል። እያንዳንዱ ካሬ የራሱ ቁጥር አለው፤ ከፍታው ከማይነቃነቅ አንድ ነጥብ ተነሥቶ ይለካል። ከዚያ ቆፋሪው ተንበርክኮ፣ ግንበኛ ሲሚንቶ በሚለስንበት ዓይነት ትንሽ ጠፍጣፋ ብረት አፈሩን በስሱ ይፍቃል። አካፋና ዶማ የሚነሡት ለላይኛው፣ ለታረሰው አፈር ነው። የተፋቀው አፈር በባልዲ ወጥቶ በወንፊት ይነፋል፤ በዓይን ያመለጠች የጨሌ ዶቃ ወይም የዓሣ አጥንት የምትያዘው እዚያ ነው። ከምድጃ የወጣ አፈር ደግሞ ውኃ ውስጥ ይበጠበጣል፤ አፈሩ ሲዘቅጥ የከሰለው እህል ይንሳፈፋል፤ በዚህ መንገድ ጤፍ ይሁን ገብስ፣ ሰዎቹ የበሉት ይታወቃል።

ጀማሪን ግራ የሚያጋባው የአፈሩ ንባብ ነው። በመርሕ ደረጃ ከታች ያለው ንብርብር ከላይኛው ይቀድማል። ይህ መርሕ ግን የሚሠራው መሬቱ ካልተነካ ነው። አንድ ገበሬ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት ሁለት ሜትር የእህል ጉድጓድ ቆፈረ እንበል፤ ጉድጓዱ ሲያረጅ ቤተሰቡ አመድና ጥራጊ ደፋበት። ዛሬ የምንቆፍር ሰዎች ያንን ካላስተዋልን፣ የአምስት መቶ ዓመቱን ገል በሁለት ሺህ ዓመቱ ወለል ደረጃ እናገኘውና ሁለቱን አንድ ዘመን እናደርጋቸዋለን። የሚያድነን የቀለም ለውጥ ነው፤ አካባቢው ቀይ ቡናማ ሆኖ አንድ ክብ ቦታ ብቻ ግራጫና ልል ከሆነ እጅ ይቆማል፣ ጠርዙ ይሣላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ጉድጓዱ ለብቻው ቁጥር ተሰጥቶት ውስጡ ያለው ተለይቶ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ብቻ ነው ወደ ዙሪያው የሚኬደው።

ከአፈሩ የወጣ ዕቃ ሁሉ ካሬው፣ ንብርብሩ፣ ጥልቀቱና ቀኑ ተጽፎበት ይታሸጋል። ወረቀቱ የጠፋበት ከረጢት፣ በውስጡ ምንም ያህል የሚያምር ዕቃ ቢኖር፣ ከዕቃ ጌጥነት የዘለለ ዋጋ የለውም።

አርኪዮሎጂስቶች የሚፈልጉት ወርቅ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ይህ ጥያቄ የማይነሣበት የቁፋሮ ቦታ ያለ አይመስለኝም፤ ሰውም ጥርጣሬው አይፈረድበትም፤ ነጭ ድንኳን ተክለው፣ ወር ሙሉ በብሩሽ አፈር ሲጠርጉ የሚውሉ እንግዶችን ያየ ሰው ሌላ ምን ይገምታል? በቤተ ሰማዕቲ በእርግጥም የወርቅ ቀለበት ተገኝቷል፤ በፈርጡ ቀይ ድንጋይ ላይ የበሬ ራስ ተቀርጿል። ወርቁ ቢመዘን የሚያወጣው ዋጋ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቀለበቱ የወጣው ከባዚሊካው አካባቢ መሆኑ፣ በዚያው ስፍራ መስቀልና የግእዝ ፊደል የተቀረጸበት የጥቁር ድንጋይ ማንጠልጠያ መገኘቱ፣ አዲሱ ሃይማኖትና የቆየው ምልክት በአንድ ሰፈር እንዴት ጎን ለጎን እንደነበሩ ለመጠየቅ በር ከፍቷል። ያው ቀለበት በሌሊት ተቆፍሮ ለነጋዴ ቢሸጥ ኖሮ ወርቁ አይጎድልም፤ ይህ ጥያቄ ግን ከነጭራሹ አይነሣም ነበር።

የአንድ ነገር ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

አንድ መንገድ ብቻ የለም። የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው የተገኘው ነገርና በዙሪያው ያለው ነው።

ቀላሉ ዕድሜው ከታወቀ ነገር ጋር ማነጻጸር ነው። የአክሱም ነገሥታት ሳንቲሞች ለዚህ የተመቹ ናቸው፤ ስመ ንጉሡ ተጽፎባቸዋል፤ በኢዛና ዘመን ደግሞ የጨረቃውና የክቡ ምልክት ወርዶ መስቀል ተተክቶበታል። ባለ መስቀሉ የኢዛና ሳንቲም ከአንድ ወለል ሥር ከተገኘ ወለሉ ከዚያ ሳንቲም በፊት አልተነጠፈም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ቆይቶ እንደተነጠፈ ግን ሳንቲሙ አይናገርም፤ ሳንቲም መቶ ዓመት በእጅ ሊዞር ይችላል።

ለከሰል፣ ለእህልና ለአጥንት የሚያገለግለው ካርቦን 14 የተባለው፣ በጊዜ ብዛት እየፈረሰ የሚያልቅ የካርቦን ዓይነት ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያበጀው ዊላርድ ሊቢ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልሞበታል። ከጠፈር የሚመጣ ጨረር በላይኛው ከባቢ አየር ካርቦን 14ን ይፈጥራል፤ ተክል ከአየር ይወስደዋል፣ እንስሳና ሰው ከተክሉ ያገኙታል። ሕይወት ሲቆም መውሰዱም ይቆማል፤ የነበረው በየ5,730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ የቀረውን መለካት ከሞት ወዲህ ያለፈውን ጊዜ መለካት ነው። ውጤቱ እንዳለ አይወሰድም፤ በአየር ያለው የካርቦን 14 መጠን ከዘመን ዘመን ስለሚለያይ በዛፍ የዕድሜ ቀለበትና በመሰሉ መዛግብት ይስተካከላል። በላብራቶሪ ወረቀት ላይ «ከዛሬ በፊት» ሲባል ደግሞ «ዛሬ» የሚባለው እ.ኤ.አ. 1950 ነው፤ ይህንን ሳያውቅ ያነበበ ሰው ሒሳቡ በሰባና ሰማንያ ዓመት ይዛነፍበታል።

ወጥመዱ እንጨቱ ላይ ነው። በአገራችን አሮጌ ቤት ሲፈርስ ደህናው ምሰሶና ወጋግራ ለአዲሱ ቤት እንደሚያገለግል የታወቀ ነው፤ ጥንትም እንዲሁ ነበር። የተመረመረው ወጋግራ የሚነግረን ዛፉ ያደገበትን ዘመን እንጂ ቤቱ የተሠራበትን አይደለም። በዚህ የተነሣ ጠንቃቃ አጥኚ ከትልቅ ምሰሶ ይልቅ አንዲት የከሰለች የገብስ ፍሬ ይመርጣል፤ ገብስ በዓመቱ ታጭዶ ይበላላ።

ታዲያ ድንቅነሽ በካርቦን ተለካች?

አልተለካችም፤ ልትለካም አትችልም። ካርቦን 14 ከ50,000 ዓመት ገደማ በኋላ ሊለካ እስከማይችል ድረስ ያልቃል። የድንቅነሽ ዕድሜ 3.18 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ነው የሚባለው አጥንቷ ተለክቶ ሳይሆን፣ ከአጥንቷ አጠገብ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ተለክቶ ነው። በእሳተ ገሞራ ቋጥኝ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ፖታሲየም 40 አላቸው፤ እርሱም በጣም በዝግታ፣ ግማሹ በ1.25 ቢሊዮን ዓመት ገደማ፣ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ይለወጣል፤ ከፊሉ አርጎን የተባለ ጋዝ ይሆናል። ድንጋዩ ቀልጦ ሲፈነዳ የቀድሞው ጋዝ ይወጣና ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የተጠራቀመው አርጎን ፍንዳታው መቼ እንደነበር ይመሰክራል። የስምጥ ሸለቆ ምድር በአመድ ላይ አመድ የተደራረበበት መሆኑ ለአጥኚዎች ትልቅ ዕድል ነው።

አንዳንዴ አመዱ አለ፣ ግን አይለካም። በኦሞ ሸለቆ ኪቢሽ እ.ኤ.አ. በ1967 በሪቻርድ ሊኪ የተመራ ቡድን የዛሬው ሰው ዝርያ ቅሪተ አካል አገኘ። በ2005 ዕድሜው 195,000 ዓመት ገደማ ተብሎ ታተመ። ከቅሪተ አካሉ በላይ ወፍራም የአመድ ንብርብር ነበር፤ ነገር ግን እንደ ዱቄት የላመ በመሆኑ በአርጎን የሚለካ ክሪስታል አልተገኘበትም። ታዲያ የእሳተ ገሞራ ተመራማሪዋ ሴሊን ቪዳልና ባልደረቦቿ አመዱን ትተው ምንጩን ፍለጋ ሄዱ። እያንዳንዱ ፍንዳታ የራሱ የሆነ የኬሚካል አሻራ አለው፤ የኪቢሹ አመድ አሻራ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ካለው ከሻላ እሳተ ገሞራ ቋጥኝ ጋር ገጠመ። በሻላ አካባቢ ደግሞ ቁራጮቹ ትልልቅና ሊለኩ የሚችሉ ነበሩ፤ ውጤቱ 233,000 ዓመት ገደማ፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 22,000 ዓመት ሊዛነፍ የሚችል ሆነ። ቅሪተ አካሉ ከአመዱ በታች ስላለ ከዚያ ይቀድማል እንጂ አይዘገይም። ይህ የታተመው በ2022 ነው፤ አጥንቱ ግን ከ1967 ጀምሮ ያው አጥንት ነው።

ዕድሜው በየጊዜው ይቀያየራል። ታዲያ ምኑን እንመን?

ከላይ እንዳየነው ቁጥሩ የሚቀየረው የተሻለ መለኪያ ሲገኝ ነው፤ ከቁጥሩ ጋር የሚጻፈውን የመዛነፍ ልክ አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል። ዜና ላይ ግን መጀመሪያ የሚቆረጠው እርሱ ነው።

ግልጽ ስሕተትም አለ። በሞታ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመቱ ሰው፣ በጋሞኛ ባይራ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ሙሉ የዘረመል ንባቡ ሲታተም ከአፍሪካ የተገኘ የጥንት ሰው የመጀመሪያው ሙሉ ንባብ ነበር። የዋሻው ቅዝቃዜና በጆሮ አካባቢ ያለው ጠንካራ የራስ ቅል አጥንት ዘረመሉን ጠብቀው አቆይተውታል። በዚያው ጽሑፍ የዩራሲያ (የአውሮፓና የእስያ) ዝርያ እስከ ምዕራብና ደቡብ አፍሪካ ድረስ በስፋት ተሰራጭቷል የሚል መደምደሚያ ነበረበት። ጥቂት ወራት ሳይቆይ የኮምፒውተር መረጃ ማዛመጃው ላይ ስሕተት መሠራቱ ታወቀና አጥኚዎቹ ራሳቸው እርማት አወጡ፤ የባይራ ንባብና የምሥራቅ አፍሪካው ውጤት ጸና፣ ለአህጉሩ ሁሉ የተባለው ግን ቀረ። እኔን የሚያሳምነኝ እንዲህ ያለው እርማት በግላጭ መውጣቱ ነው፤ አንድም ጊዜ ታርሞ የማያውቅ ጽሑፍ ይበልጥ ያጠራጥረኛል።

እንደ ላሊበላ ያለ ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለ ሥራ እንዴት ይጠናል?

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ቤት ሲገነባ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይጨመራል፤ መሠረት አለው፣ በመሠረቱ ሥር የሚቀር ሳንቲም ወይም ከሰል ይኖራል። ሲፈለፈል ግን የሚደረገው መቀነስ ብቻ ነው፤ ኋለኛው ጠራቢ የፊተኛውን ሥራ ጠርቦ ይጥለዋል። ስለዚህ የሚነበበው የትኛው ጥርብ የትኛውን እንደቆረጠ ነው። አንድ በር ከግቢው ወለል በላይ በሰው ቁመት ተንጠልጥሎ ቢገኝ፣ ግቢው ዝቅ የተደረገው በሩ ከተሠራ በኋላ ነው ብሎ መጠርጠር ያስኬዳል። ሌላው ጥሩ ጥያቄ «ያ ሁሉ የተጠረበ ድንጋይ የት ሄደ?» የሚለው ነው። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት የድንጋይ ጥራቢው የተደፋበትን ክምር በአትኩሮት ተመልክተውታል፤ ክምሩ እንደ ማንኛውም አፈር ንብርብር አለው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የጠፋው ቅደም ተከተል እዚያ ተገልብጦ ሊቀመጥ ይችላል። ጎብኚ ሁሉ ቤተ ጊዮርጊስን ሲያይ፣ እነዚህ ሰዎች ጥራጊውን ነበር የሚያዩት።

አርኪዮሎጂ ትውፊታችንን ይጻረራል?

አንዳንዴ ዘመኑ አይገጥምም። በአክሱም ዱንጉር የሚባለውን ፍርስራሽ ብዙ ሰው የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት ይለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፍራንሲስ አንፍሬ የቆፈረው ሕንፃ ግን ከክርስቶስ ልደት በኋላ 6ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የተመደበ፣ ከንግሥቲቱ ዘመን ብዙ የራቀ ነው። ይህ ስለ ሕንፃው እንጂ ስለ ንግሥቲቱ የተሰጠ ፍርድ አይደለም። በሌላ በኩል ቤተ ሰማዕቲና ሞታ የተገኙት ሽማግሌ በመጠየቅ ነው። ስለዚህ ትውፊት የት እንደሚታይ ይጠቁማል፣ አፈሩ መቼ እንደሆነ ይናገራል፤ አንዱን በሌላው ቦታ ማስቀመጥ ነው ጠቡን የሚያመጣው።

ዛሬ በሕይወት ያሉ ሰዎችስ ይጠናሉ?

አዎን፣ በዚህም ኢትዮጵያ የታወቀች ናት። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው መልካ ቁንጡሬ ሰዎች ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ባልጩት ሲጠርቡ ኖረዋል፤ አጠገቧ ያለው ስፍራ ባልጪት መባሉም ያለ ነገር አይደለም። ይህ ድንጋይ የመጥረብ ዕውቀት በሕይወት ባሉ ሰዎች እጅም ተገኝቷል፤ በኮንሶ ቆዳ ፋቂ ሴቶች በእንጨት እጀታ በተሰካ የድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ ተመራማሪዎች አብረዋቸው ተቀምጠው አጥንተዋል። ፋቂዋ ድንጋዩ በደነዘ ቁጥር ጠርዙን ትስለዋለች፤ እየተሳለ እየተሳለ ያጥርና ይጣላል። ከጥንት ሰፈር የምናገኘው መፋቂያ እንግዲህ አብዛኛውን ጊዜ ያለቀለት፣ የተጣለ ነው፤ ቅርጹን ሠሪው መጀመሪያ ያሰበው ቅርጽ አድርገን ብንወስድ እንሳሳታለን። ይህን ያስተማረን መጽሐፍ ሳይሆን የሴቶቹ እጅ ነው።

በማሳዬ ወይም ቤት ለመሥራት ስቆፍር አሮጌ ዕቃ ባገኝ ምን ላድርግ?

ሥራውን ያቁሙ፤ ዕቃውንም አያውጡት። ከወጣ ያለበትን ቦታ፣ ጥልቀቱንና ከጎኑ የነበረውን ይጻፉ፤ መጠኑ እንዲታወቅ እስክሪብቶ ወይም የእጅዎን መዳፍ አጠገቡ አድርገው ፎቶ ያንሡት። በውኃ አይጠቡት፣ በሽቦ አይፈትጉት፤ በገል ላይ የተጣበቀው ጥላሸት ምን ይበስልበት እንደነበር ሊናገር ይችላል። ከዚያ በአቅራቢያዎ ላለው የወረዳ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያገኙትን ቅርስ ማሳወቅ ግዴታ ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርም የተከለከለ ነው። ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ጉድጓዱን ከዝናብ በላስቲክ ይሸፍኑት፣ ልጆችም እንዳይገቡበት በእሾህ ይጠሩት።